የውሃ ማጣሪያ ከመግዛታችን በፊት፦ ከምንጩ በላይ ማን አለ?



ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወጣቶቻችን በዒድ ማግስት፣ በትምህርት ዕረፍትና በሳምንቱ መጨረሻ ተሰባስበው ወደ ተራራ መውጣትን ለምደዋል። በእንጦጦና በወንጪ የጀመረው ጉዞ አሁን ወደ ባሌና ወደ ሰሜን ተራሮች ደርሶ ሦስትና አራት ቀን ይወስዳል። ከመነሳታችን በፊት ስለ ጫማ፣ ስለ ድንኳንና ስለ መኝታ ብዙ እንነጋገራለን። ስለ ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚባለው «ሃይላንድ እንይዛለን» ብቻ ነው።

ሒሳቡ ግን ከአንድ ቀን በላይ አያስኬድም። ዳገት የሚወጣ ሰው በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ለአራት ቀን ጉዞ እያንዳንዱ ሰው ከ12 እስከ 16 ኪሎ ውሃ መሸከም አለበት ማለት ነው፤ ምግቡና ልብሱ ሳይቆጠር። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ከጅረት መቅዳቱ አይቀርም። በዚያ ሰዓት በእጃችን ያለው ዕቃ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ማወቅ ግድ ይላል፤ ምክንያቱም ከጤና ጣቢያ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ተቅማጥ የያዘው ሰው ጉዳቱ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለተሸካሚዎቹም ነው።

በእጅ የሚያዙ ትንንሽ የውሃ ማጣሪያዎች ወደ አገራችን እየገቡ ነው። ብዙዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ካሉ ወንድሞችና እህቶች በስጦታ የሚመጡ ናቸው። ስጦታው መልካም ነው። ይሁንና አብዛኞቹ የተሠሩት ለሌላ አገር ውሃ እንደሆነ ልብ የሚል ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የትኛው ማጣሪያ ለየትኛው ውሃ እንደሚሆን፣ ምን መጨመር እንዳለበትና ሲገዙ ምን ማየት እንደሚገባ እንመለከታለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ

ማጣሪያ ስንመርጥ ከብራንዱም ከዋጋውም በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከምንቀዳበት ቦታ በላይ ማን አለ?

በአሜሪካ ራቅ ባሉ ተራሮች የሚጓዝ መንገደኛ ወይም አዳኝ ብዙ ጊዜ ከሚቀዳበት ጅረት በላይ የሚኖር ሰው የለም። እዚያ ዋናው ስጋት ከዱር እንስሳትና ከጥቂት ተጓዦች ወደ ውሃው የሚገቡ ባክቴሪያዎችና እንደ ጃርዲያ ያሉ ጥገኛ ተውሳኮች ናቸው። ሰውን የሚያሳምሙ ቫይረሶች በአመዛኙ የሚመጡት ከሰው ዓይነ ምድር ነው። ሰው በሌለበት ተራራ የቫይረስ ስጋት ዝቅተኛ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ እዚያ በብዛት የሚሸጡት ማጣሪያዎች ባክቴሪያንና ተውሳክን እንዲያስቀሩ እንጂ ቫይረስን እንዲያስቀሩ አልተሠሩም።

የእኛ ተራራ እንዲህ አይደለም። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሰዎች ይኖራሉ፣ ከብቶችና ፈረሶች ይሰማራሉ። በሌሎችም የአገራችን ደጋዎች ከጅረቱ በላይ ጎጆ፣ ከጎጆው በላይ ግጦሽ መኖሩ የተለመደ ነው። ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ለማስታወስ ያህል፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የኮሌራ ወረርሽኝ የጀመረው በባሌ ዞን፣ በሀረና ቡሉቅ ወረዳ ነበር። ጠርቶ የሚወርድ ውሃ ደህና መስሎ ይታያል። ውሃ ግን ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ስለዚህ ከምንጩ በላይ ሰው ካለ፣ ማጣሪያው ቫይረስንም ማሰብ አለበት። ማጣሪያው ያንን ካልቻለ እኛ ሌላ ነገር እንጨምርለታለን።

በውሃው ውስጥ ያሉት እንግዶች

ማጣሪያ ወንፊት ነው። የወንፊቱ ቀዳዳ የሚለካው በማይክሮን ሲሆን አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮን ያህል ነው። ከዚህ አንጻር በውሃ ውስጥ የሚያሰጉንን በመጠን እንደርድራቸው።

በዓይን የሚታዩት ትልልቆቹ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ አልቅት ነው። ከምንጭ በአፍ ተደፍቶ የሚጠጣ ሰው ጉሮሮው ወይም አፍንጫው ውስጥ አልቅት ሊጣበቅበት ይችላል። ለዚህ ጥቅጥቅ ያለ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል።

ቀጥሎ ጥገኛ ተውሳኮች ይመጣሉ። ጃርዲያ በውሃ ውስጥ ሲገኝ ከ8 እስከ 12 ማይክሮን፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም ደግሞ ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ይደርሳል። ክሪፕቶስፖሪዲየም ጠንካራ ሽፋን ስላለው ተራ ክሎሪን አይገድለውም። ማጣሪያ ግን በቀላሉ ያስቀረዋል።

ሦስተኛዎቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። የኮሌራ፣ የታይፎይድና የብዙ ዓይነት ተቅማጥ መነሻዎች እዚህ ይመደባሉ። አብዛኞቹ ከ0.2 ማይክሮን በላይ ስለሆኑ ጥሩ ማጣሪያ ይይዛቸዋል።

የመጨረሻዎቹና ትንንሾቹ ቫይረሶች ናቸው። ሄፓታይተስ ኤን የሚያመጣው ቫይረስ 0.03 ማይክሮን ገደማ፣ ሮታቫይረስ ደግሞ ከ0.1 ማይክሮን በታች ነው። 0.1 ወይም 0.2 ማይክሮን ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ለእነዚህ ክፍት በር ነው። ይሁን እንጂ ቫይረሶችን ክሎሪን በቀላሉ ይገድላቸዋል።

ልብ ካልን እዚህ ላይ መልሱ ተገኝቷል። ክሎሪን የሚያቅተውን ማጣሪያው ይይዛል፤ ማጣሪያው የሚያሳልፈውን ክሎሪን ይገድላል። አንዱ ብቻውን ጎዶሎ ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ግን የጀርሞቹን በር ይዘጋሉ።

የማጣሪያ ዓይነቶች

የመጀመሪያው በጭድ ቅርጽ የተሠራው መምጠጫ ነው። ከሁሉም የታወቀው ላይፍስትሮው ነው። ታሪኩ ከአገራችን ጋር የሚገናኝበት መንገድም አለ። መጀመሪያ ያመረተው ቬስተርጋርድ ከዚያ በፊት ከካርተር ማዕከል ጋር በመሆን ለጊኒ ዎርም በሽታ መከላከያ የሚሆን፣ በአንገት የሚንጠለጠል የመምጠጫ ማጣሪያ ይሠራ ነበር። በጋምቤላ ክልል በሽታውን ለማጥፋት ከተሠራባቸው ዘዴዎች መካከል እንዲህ ያሉ መምጠጫዎችና የጨርቅ ማጣሪያዎች ይገኙበታል። ላይፍስትሮው በ2005 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲውል ባክቴሪያን ጭምር እንዲይዝ ተደርጎ ነበር። መምጠጫው ቀላልና ርካሽ ነው። ችግሩ ውሃው ያለበት ቦታ ሄዶ ጎንበስ ማለትን ይጠይቃል፤ ለምግብ ማብሰያ ወይም ለሌላ ሰው የሚሆን ውሃ አይሰጥም። በተጨማሪም ውሃው በቀጥታ ወደ አፍ ስለሚገባ ክሎሪን ለመጨመር ዕድል የለም። በእኛ ተራራ እንደ መጠባበቂያ እንጂ እንደ ዋና ዕቃ አንመክረውም።

ሁለተኛው የሚጨመቀው ነው። እንደ ሶየር ስኩዊዝና ካታዳይን ቢፍሪ ያሉት እዚህ ይመደባሉ። ውሃው በለስላሳ ከረጢት ይቀዳል፣ ማጣሪያው አፉ ላይ ይጠመዳል፣ ከዚያ ይጨመቃል። ውስጡ ሆሎው ፋይበር የሚባሉ፣ ግድግዳቸው 0.1 ማይክሮን ቀዳዳዎች ያሉት ቀጫጭን ክሮች አሉት። ክብደቱ ከአንድ የሞባይል ስልክ ያነሰ ነው። የተጣራው ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ስለሚገባ ክሎሪን መጨመር ይቻላል። ለአንድና ለሁለት ሰው ጥሩ ምርጫ ነው።

ሦስተኛው የሚንጠለጠለው ነው። አሠራሩ ከሁለተኛው ጋር አንድ ሲሆን ልዩነቱ ትልቅ ከረጢት ተሞልቶ ዛፍ ወይም ድንጋይ ላይ ይሰቀላል፤ ውሃው በራሱ ክብደት ተጣርቶ ወደታች ይወርዳል። አሥር ሰው በቀን 40 ሊትር ይጠጣል። ይህን ያህል በእጅ ከመጭመቅ ይልቅ ሰቅሎ ድንኳን መትከል ይሻላል። ለጀመዓ ጉዞ የምንመርጠው ይህንን ነው።

አራተኛው ሴራሚክ ነው። ብዙውን ጊዜ በፓምፕ ይሠራል። የደፈረሰ ውሃ ቢዘጋው የሸክላውን ፊት በብሩሽ ፍቆ እንደገና መጠቀም ስለሚቻል ዕድሜው ረጅም ነው። ነገር ግን ከባድ ነው፤ ወድቆ ከተሰነጠቀም አበቃ። አብዛኛው ሴራሚክ ቫይረስን አያስቀርም።

አምስተኛው ቫይረስንም የሚያስቀረው ነው። አምራቾች ይህን ከተራው ፊልተር ለመለየት ፒዩሪፋየር ይሉታል። ግሬይል ጂኦፕረስ የተባለው እንደ ፈረንሳይ ቡና ማፍያ ከላይ ወደታች የሚጫን ጠርሙስ ነው፤ አንዴ ሲጫን 710 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ኤም ኤስ አር ጋርዲያን ደግሞ 0.02 ማይክሮን ክሮች ያሉት ፓምፕ ነው። ሁለቱም ክሎሪን ሳያስፈልግ ይሠራሉ፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ነው። የጂኦፕረስ ማጣሪያ ክፍል 250 ሊትር ገደማ ካጣራ በኋላ ይለወጣል። አሥር ሰዎች በአራት ቀን 160 ሊትር ስለሚጠጡ፣ በአንድ ጉዞ ከግማሽ በላይ ዕድሜው ያልቃል። መለወጫው ደግሞ በየሱቁ አይገኝም። ስለዚህ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው እንጂ ለቡድን አይሆንም።

በባትሪ የሚሠራ የአልትራቫዮሌት መብራትም አለ። ለጠራ ውሃ ቫይረስን ጨምሮ ሁሉንም ጀርም ያዳክማል። ሆኖም በደፈረሰ ውሃ ብርሃኑ አያልፍም፤ ብርድ ደግሞ ባትሪውን ያደክመዋል። በተራራ ላይ ብቸኛ መተማመኛ ሊሆን አይገባም።

ክሎሪኑን በቅደም ተከተል

ለብዙዎቻችን ገንዘብን የማይጎዳውና በቂ የሆነው መንገድ 0.1 ማይክሮን የሚጨመቅ ወይም የሚንጠለጠል ማጣሪያ ከክሎሪን ጋር ማጣመር ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ማጣራት ይቀድማል፤ ክሎሪን ይከተላል። ጭቃና ቅጠላ ቅጠል ክሎሪንን ስለሚጨርሱት፣ ባልተጣራ ውሃ ላይ የተጨመረ ክሎሪን ጀርሙ ጋ ሳይደርስ ኃይሉን ያጣል።

በአገራችን «ውሃ አጋር» የሚባለው ፈሳሽ ክሎሪንና አኳታብስ የሚባለው እንክብል ይታወቃሉ። «ውሃ አጋር» ለቤት ጀሪካን የታሰበ ስለሆነ ለጉዞ እንክብሉ ይቀላል። እንክብሉ ግን በተለያየ መጠን ይመረታል፤ አንዳንዱ ለ1 ሊትር፣ አንዳንዱ ለ20 ሊትር ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ማሸጊያው ላይ ያለውን መጠን አንብቡ። ከጨመራችሁ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ክሎሪን ቀስ ብሎ ስለሚሠራ አንድ ሰዓት ጠብቁ። የጠርሙሱን ክዳን ጥቂት ፈታ አድርጋችሁ ገልብጡትና ክሎሪን ያለው ውሃ ጥርዙን እንዲያጥበው አድርጉ፤ በእጃችን የነካነው ጥርዝ ላይ ያልተጣራ ውሃ ሊቀር ይችላልና።

ክሎሪን ከሌለ ማፍላት አለ። ውሃ በከፍታ ቦታ ቶሎ ይፈላል፤ ሙቀቱ ግን ዝቅ ያለ ነው። 4,000 ሜትር አካባቢ ባለው በሰነቴ አምባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህም ጀርሞችን ለመግደል ይበቃል፤ ነገር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ይመከራል። አዲስ አበባም ራሷ ከዚህ ከፍታ በላይ ስለሆነች ምክሩ ለቤትም ይሠራል። ለማፍላት ብሎ የተራራውን አስታ መቁረጥ ግን ተገቢ አይደለም፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው። ቡታጋዝ ይያዝ።

ሁሉም ካለቀ አንድ የመጨረሻ መንገድ አለ። የጠራ ውሃ በንጹሕ ሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልቶ ለ6 ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ላይ ማጋደም ነው። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ ሁለት ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። ፕላስቲኩ ከ2 ሊትር መብለጥ የለበትም፤ ቀለም የሌለውም መሆን አለበት።

ማጣሪያን የሚገድሉ ሁለት ነገሮች

አንደኛው ብርድ ነው። በበጋ ወራት በሰነቴና በሌሎች ከፍተኛ ቦታዎች ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አንድ ጊዜ ውሃ የነካው ሆሎው ፋይበር ከቀዘቀዘ፣ በክሮቹ ውስጥ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ይሰፋና ክሮቹን ይሰነጥቃል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። ጠዋት ማጣሪያው እንደ ትላንቱ ውሃ ይሰጣል፤ እንዲያውም ፈጠን ብሎ ይወርዳል። ሰውየው እያጣራሁ ነው ብሎ ያልተጣራ ውሃ ይጠጣል። ከዚህ የከፋ ዕቃ የለም፤ ምክንያቱም ማጣሪያ የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማታ ማጣሪያውን አራግፋችሁ በላስቲክ ጠቅልሉና ይዛችሁት ተኙ፤ በጠዋቱ ብርድም ጃኬት ውስጥ ያዙት። ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አትመኑት፤ አፍልታችሁ ጠጡ። ሴራሚክም እንዲሁ ከውርጭ መጠበቅ አለበት። በኅዳር ወር ለአደን ወደ ተራራ የሚወጡ በአሜሪካ ያሉ አንባቢዎቻችንም ይህን ልብ ይበሉ፤ የአደን ወቅቱና የውርጩ ወቅት የሚገጣጠሙ ናቸውና።

ሁለተኛው ጭቃ ነው። በክረምት ወንዞቻችን እንደ ሻይ በወተት ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ውሃ በቀጥታ ማጣሪያ ውስጥ መክተት በጥቂት ሊትር ውስጥ መዝጋት ነው። መጀመሪያ በባልዲ ወይም በጀሪካን አስቀምጡት፤ ከተቻለ ሌሊቱን ሙሉ ይረፍ። ከላይ ያለውን ጠለል በንጹሕ ነጠላ ወይም ሻሽ አሳልፉና ከዚያ ለማጣሪያው ስጡት። እዚሁ አገራችን የሚመረተው «ቢሻን ጋሪ» የተባለው ዱቄትም ጭቃውን አሰባስቦ ወደታች የሚያዘቅጥና ክሎሪን ያለበት ስለሆነ ለደፈረሰ ውሃ ይጠቅማል። ማጣሪያው ፍጥነቱ ሲቀንስ አብሮት በሚመጣው ስሪንጅ ንጹሕ ውሃ ወደ ኋላ ግፉበት። ስሪንጁን ቤት ትቶ መሄድ ማጣሪያውን በግማሽ ይዞ መሄድ ነው።

ማጣሪያ የማይመልሰው ውሃ

ጀርም እና የተሟሟ ነገር የተለያዩ ናቸው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ለምሳሌ በወንጂ፣ በመተሐራና በባቱ ዙሪያ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ከፍተኛ ፍሎራይድ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በዚያ አካባቢ ያደጉ ልጆች ጥርስ የሚበልዘው በዚህ ምክንያት ነው። የጉዞ ማጣሪያ ፍሎራይድን አይዝም፤ ማፍላት ደግሞ ውሃውን ስለሚያተንነው ያብሰዋል። ለጥቂት ቀን መንገደኛ ይህ ብዙ ላያሰጋ ይችላል፤ ነገር ግን ማጣሪያውን ለቤተሰብ የዘወትር መጠጥ ላድርገው የሚል ሰው ማወቅ አለበት።

እንደ ሻላና አቢጃታ ያሉ ሐይቆች ጨዋማ ናቸው፤ ምንም ያህል ቢጣሩ አይጠጡም። ከትልልቅ እርሻዎች በታች ያለ ውሃ የኬሚካል ስጋት አለው። አክቲቭ ካርቦን ያለበት ማጣሪያ ጥቂቱን ይቀንሳል፤ ዋስትና ግን አይሆንም። ስለዚህ ከእርሻ፣ ከፋብሪካና ከማዕድን ማውጫ በታች አትቅዱ። በኤምሬቶችና በዑማን የሐጀር ተራሮች ለሚጓዙ አንባቢዎቻችን ደግሞ ምክሩ ሌላ ነው። በዚያ ሸለቆው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ማጣሪያ ውሃ አያፈልቅምና ውሃችሁን ከቤት ያዙ።

ቢልሃርዝያም በማጣሪያ ብቻ አይመለስም። ተውሳኩ በቆዳ በኩል ስለሚገባ፣ ቆላማና ሞቅ ባሉ ቦታዎች በሐይቅ ዳር መንቦራጨቅ በራሱ ያጋልጣል።

ውሃውን ለሌላውም መጠበቅ

ለውዱእ የተጣራ ውሃ አያስፈልግም፤ የጅረት ውሃ በራሱ ይበቃል። የተጣራውን ለመጠጥና ለምግብ አስቀሩት። ለመጎመጥመጥ ግን ከተጣራው ጥቂት ብትጠቀሙ ጥሩ ነው፤ ሳይታወቅ ሊዋጥ ይችላልና። ውዱእ ሲደረግም ውሃውን በዕቃ ቀድቶ ከጅረቱ ፈቀቅ ማለት ይገባል።

ከምንጩ በላይ ማን አለ ብለን ስንጠይቅ፣ ከእኛ በታች ያለው መንደርም ስለ እኛ ይኸንኑ እንደሚጠይቅ አንርሳ። ሃይማኖታችን በቆመ ውሃ ላይ መሽናትን ከልክሏል። በጉዞም መጸዳጃችን ከማንኛውም ውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ፤ ተቆፍሮም ይቀበር። ሳሙና ወደ ጅረቱ አይግባ። እጅን በሳሙና ሳይታጠቡ ማጣሪያ መንካትም ድካምን ሁሉ ከንቱ ማድረግ ነው።

ሲገዙ የሚታዩ ነጥቦች

አንደኛ፣ የቀዳዳውን መጠን ፈልጉ፤ 0.2 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች ይሁን። «አብሶሉት» የሚል ቃል ካለበት ትልቁ ቀዳዳ እንኳ ከዚያ አይበልጥም ማለት ነው። «ኖሚናል» የሚል ከሆነ አማካይ ነው፤ ከዚያ የሚበልጡ ቀዳዳዎች ይኖሩታል።

ሁለተኛ፣ ቫይረስ የሚለው ቃል ማሸጊያው ላይ መኖሩን ተመልከቱ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መመሪያ ለፒዩሪፋየር የሚያስቀምጠው መለኪያ ባክቴሪያ 99.9999፣ ቫይረስ 99.99፣ ተውሳክ 99.9 በመቶ እንዲቀንስ ነው። ስለ ቫይረስ ምንም ካልተባለ ቫይረስን አያስቀርም ብላችሁ ያዙና ክሎሪን ጨምሩ።

ሦስተኛ፣ አንገቱ በተራ ሃይላንድ ፕላስቲክ ላይ የሚገጥም መሆኑን ሞክሩ። የራሱ ከረጢት ቢቀደድ በየመንገዱ መተኪያ ታገኛላችሁ።

አራተኛ፣ ሥራውን እዚያው ፈትሹ። የረጠበ ጤነኛ ሆሎው ፋይበር በትንፋሽ ብትነፉበት አየር አያሳልፍም። ነፍታችሁ አየሩ በነጻነት ካለፈ ክሩ ተሰብሯል ማለት ነው። ያገለገለ ማጣሪያ በስጦታ ከመጣላችሁ ይህን ሳታደርጉ አትጠቀሙ።

አምስተኛ፣ የጀመዓውን ብዛት ቁጠሩ። ከአራት ሰው በላይ ከሆናችሁ አንድ የሚንጠለጠልና አንድ መጠባበቂያ ያዙ። ክሎሪኑን በሁለት ሰው ቦርሳ ውስጥ ከፋፍሉት።

ሁሉም ተደርጎ ሰው ቢታመምስ?

ኦ አር ኤስ ሳይዙ ጉዞ አይጀመርም። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር፣ በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ አጠጡ። ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውሃ ከሆነ፣ ደም ካለበት፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ ወይም የሚጠጣው ሁሉ ከተመለሰ ጉዞው እዚያ ላይ ያበቃል። በሽተኛው እየጠጣ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ሰውነትን ያደርቃል። «ነገ ይሻለው ይሆናል» ማለት እዚህ አይሠራም።

በአጭሩ፣ ውድ ማጣሪያ የያዘ ሁሉ ንጹሕ ውሃ ጠጣ ማለት አይደለም። ከምንጩ በላይ ያለውን ያወቀ፣ አጣርቶ ክሎሪን የጨመረና ማታ ማጣሪያውን ከውርጭ የጠበቀ ሰው በርካሽ ዕቃም በሰላም ይመለሳል። ለሚቀጥለው ጉዞ ዕቃ ስታሰናዱ ይህን ጽሑፍ ለአሚራችሁና ውሃ ለሚቀዳው ወንድም አጋሩት። አላህ መንገዳችሁን ያቅና፣ በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሳችሁ።